የፊላደልፊያው ገበሬ ሣጥኖች፦ ጆን ባርትራምና የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዕፀዋት ሊቃውንት ትስስር



 ዛሬ ስለ አንድ የሰሜን አሜሪካ ገበሬ እናገራለሁ። ሰውየው ጆን ባርትራም ይባላል፤ በ1699 በፔንሲልቫኒያ ተወልዶ በ1777 እዚያው ያረፈ፣ አሜሪካ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችበት ዘመን የሀገሩን ዕፀዋት በመሰብሰብ ስሙ እስከ ስዊድን የደረሰ ሰው ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ።

የንግግሬ ማዕከል አንድ ጥያቄ ነው። አንድ ዕፅ «ታወቀ» የሚባለው መቼ ነው? በጫካው ውስጥ የሚኖር ሰው ሲያውቀው ነው? ፈልጎ ያገኘው ሰው ቆፍሮ ሲያወጣው ነው? ወይስ በሩቅ ከተማ የተቀመጠ ሊቅ የላቲን ስም አውጥቶ በመጽሐፍ ሲያሳትመው? የባርትራምን የሥራ ዘመን ስንከታተል ጥያቄው ከዕፀዋት ጥናት አልፎ ወደ ማንኛውም የእውቀት ዘርፍ እንደሚዘልቅ እናያለን።

ገበሬው

ስለ ባርትራም አንድ ያማረ አፈ ታሪክ አለ። ክሬቭከር የተባለ ፈረንሳዊ ተወላጅ ደራሲ በ1782 ለንደን ላይ ባሳተመው የአሜሪካ ገበሬ ደብዳቤዎች በተሰኘው መጽሐፉ እንደተረከው፣ ባርትራም አንድ ቀን ሲያርስ ደክሞት ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ ይላል። በእጁ የነቀላትን አንዲት የመስክ አበባ አተኩሮ ሲያያት፣ ስንት አበባ በማረሻ ሲገለብጥ ኖሮ ስለ አንዱም አለማወቁ ይቆጨዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፍ ገዝቶ፣ ላቲን ተምሮ፣ የዕፀዋት ሊቅ ሆነ ይላል ትረካው።

ታሪክ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ትረካ ሲያገኝ ደስም ይለዋል፣ ይጠራጠራልም። ትረካው ሰውየውን በአንዲት አበባ ተነክቶ በራሱ ጥረት ሊቅ የሆነ አድርጎ ያሳየናል። በእጃችን ያሉት ደብዳቤዎች ግን ሌላ ሥዕል ይሰጡናል። ባርትራም የተሠራው በሰዎች መካከል ነው፤ መጽሐፍ ባዋሱት፣ ሣጥን ባሻገሩለት፣ ገንዘብ በከፈሉት፣ አንዳንዴም በናቁት ሰዎች መካከል።

የልጅነት ዘመኑ የተመቸ አልነበረም። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተች። አባቱ ሌላ ሚስት አግብቶ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተሰደደ፤ እዚያም በ1711 በሰፋሪዎችና በምድሪቱ ተወላጆች መካከል በተነሣው ግጭት ተገደለ። ጆን በዘመዶቹ እጅ፣ ኩዌከር በሚባሉት ሰላማዊ ክርስቲያኖች ማኅበረሰብ ውስጥ አደገ። የገጠር ትምህርት ቤት ከሚሰጠው ያለፈ ትምህርት አላገኘም። በ1728 ከፊላደልፊያ ወጣ ብሎ፣ ስኩይልኪል በሚባለው ወንዝ ዳር፣ ኪንግሰሲንግ በተባለ ስፍራ የእርሻ መሬት ገዛ፤ የድንጋይ ቤቱንም በገዛ እጁ አነጸ። ቤቱም የአትክልት ስፍራውም ዛሬ ድረስ አሉ።

መጽሐፍ የከፈተለት ጄምስ ሎጋን ነው። ሎጋን በቅኝ ግዛቲቱ ከፍተኛ ሹማምንት አንዱ፣ በአሜሪካ ከነበሩት ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት የአንዱ ባለቤት፣ ራሱም በበቆሎ አበባ ላይ ባደረገው ሙከራ የዕፀዋትን የመራባት ሥርዓት የመረመረ ምሁር ነበረ። ለገበሬው መጻሕፍት ሰጠው፣ በላቲን ረዳው፣ የሊኔየስን አዲስ የአመዳደብ ስልት አሳየው። ሁለተኛው ባለውለታ ጆሴፍ ብሪንትናል ነው። እርሱ በ1731 ፍራንክሊንና ወዳጆቹ ያቋቋሙት የፊላደልፊያ የአባላት ቤተ መጻሕፍት ጸሐፊ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱን መጻሕፍት ከለንደን እየገዛ የሚልከው ሰው፣ የአሜሪካ ዘር የሚሰበስብልኝ ሁነኛ ሰው ፈልጉልኝ ብሎ በጠየቀ ጊዜ ባርትራምን የጠቆመው ብሪንትናል ነበር። የለንደኑ ሰው ስሙ ፒተር ኮሊንሰን ይባላል።

ነጋዴውና ሣጥኖቹ

ኮሊንሰን የጨርቅ ነጋዴ ነበር። እንደ ባርትራም ኩዌከር ስለነበረ በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ ዲግሪ የመቀበል ዕድል ለእምነት ወገኖቹ ዝግ ነበር። ይሁን እንጂ የንግድ ሥራው፣ ጨዋነቱና ለአትክልት የነበረው ፍቅር ተደማምረው የታወቀው የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል አደረጉት። ሁለቱ ሰዎች ከ1730ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ኮሊንሰን በ1768 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ለ35 ዓመት ያህል ተጻጻፉ። በአካል ግን አንድም ቀን አልተገናኙም።

ሥራቸው እንዲህ ነበር። ባርትራም በመከር ወራት እርሻውን ለቤተ ሰቡ ትቶ በፈረስ ወደ ተራራና ወደ ረግረግ ይወጣል። የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የአበባ ዘር ይለቅማል፤ ችግኝ ይነቅላል፤ ቅጠልና አበባ በወረቀት መካከል ያደርቃል። ከዚያ ሁሉንም በሣጥን አሽጎ ወደ ለንደን በሚሄድ መርከብ ይልካል። ጉዞው ብዙ ሳምንታት ይፈጃል። በመንገድ ላይ አይጥ ዘሩን ይበላዋል፣ የባሕር ውኃ ችግኙን ያደርቀዋል፣ በጦርነት ጊዜም የጠላት መርከብ ሣጥኑን ይማርካል። ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ኮሊንሰን ለደንበኞቹ ያከፋፍላል።

የአንድ ሣጥን ዋጋ 5 ጊኒ የተባለ የእንግሊዝ የወርቅ ገንዘብ ሲሆን፣ በውስጡ የ100 ያህል የዕፅ ዓይነቶች ዘር ይገኝበት ነበር። ከቀዳሚዎቹ ደንበኞች ሎርድ ፔትሬ የተባለው ወጣት መስፍን በርስቱ ላይ የአሜሪካ ዛፎችን በብዛት አስተከለ። የሪችመንድና የኖርፎክ መሳፍንትም ይገዙ ነበር። የቼልሲ የመድኃኒት ዕፀዋት አትክልት ኃላፊ ፊሊፕ ሚለርም ከተቀባዮቹ አንዱ ነበረ። በ1742 ሎርድ ፔትሬ በፈንጣጣ ገና በ29 ዓመቱ ሲሞት የንግዱ ምሰሶ የወደቀ መሰለ፤ ኮሊንሰን ግን ሌሎች ደንበኞችን እየፈለገ ሥራውን አስቀጠለ። ዛሬ በእንግሊዝ አትክልት ስፍራዎች ከምናያቸው የአሜሪካ ዛፎችና አበቦች ብዙዎቹ በእነዚህ ሣጥኖች የተጓዙ ናቸው።

በገንዘቡ ሒሳብ ሁለቱ ወዳጆች አልፎ አልፎ ይነታረኩ ነበር። ባርትራም የደከመበትን ያህል አለመከፈሉን ይጽፋል። ኮሊንሰን በበኩሉ ያለ ምንም ክፍያ ሣጥን ማከፋፈሉን፣ ከጉምሩክ ጋር መሟገቱን ያስታውሰዋል። ከክፍያው ውስጥም ጨርቅ፣ ወረቀት፣ መጽሐፍና የአውሮፓ አበባ ዘር ይገኝበት ነበር። ባርትራም ወደ ቨርጂኒያ ሊሄድ ባሰበ ጊዜ ኮሊንሰን አዲስ ልብስ እንዲገዛ አጥብቆ መከረው፤ የቨርጂኒያ ባለርስቶች ከሰውየው ውስጥ ይልቅ ውጩን ያያሉና፣ በሻካራ ልብስ ቢመጣባቸው ላኪውንም ያሳፍራል ብሎ ስለ ሰጋ ነው። ምክሩ ወዳጃዊ ነበር፤ ግን የማን ስም ከማን በላይ እንደ ነበረም ይነግረናል።

ቁጥር ሄዶ ስም ሲመለስ

ተማሪዎች በተለይ ልብ እንዲሉት የምፈልገው አንድ አሠራር አለ። ኮሊንሰን ለባርትራም የሰጠው መመሪያ ይህ ነበር፦ ከእያንዳንዱ ዕፅ ሁለት ናሙና አድርቅ፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ስጣቸው፤ አንዱን ላክልን፣ ሌላውን አንተ ጋ አስቀር፤ ሊቃውንቱ ከመረመሩት በኋላ የየቁጥሩን ስም እንልክልሃለን። ስለዚህ ዕፁ ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ ስም ይዞ ይመለሳል።

ይህ አሠራር ለባርትራም ታላቅ ትምህርት ቤት ሆነለት። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠ ገበሬ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ መምህራን በደብዳቤ ተማረ። በኦክስፎርድ የነበረው ፕሮፌሰር ዲሌኒየስ ናሙናዎቹን ይመረምርለት ነበር። ዲሌኒየስ በእርጥብ ድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፉትን ጥቃቅን ዕፀዋት ያጠና ስለ ነበር እነርሱን እንዲሰበስብለት ጠየቀው። ባርትራም ቀድሞ እንደ ተራ ነገር ያልፋቸው የነበሩትን ጥቃቅን ዕፀዋት ማየት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ዲሌኒየስ በ1741 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ባርትራም የላካቸው ይገኛሉ። በሆላንድ ላይደን ከተማ ግሮኖቪየስ፣ በስዊድን ኡፕሳላ ሊኔየስ ናሙናዎቹን ተቀበሉ። ሊኔየስ ዛሬ የምንጠቀምበትን ባለ ሁለት ቃል የላቲን ስያሜ ሥርዓት ባለው መንገድ በሥራ ላይ ያዋለበትን መጽሐፍ በ1753 ሲያሳትም፣ የሰሜን አሜሪካ ዕፀዋት እውቀቱ በዚህ የደብዳቤ መረብ የተሰበሰበ ነበር።

የዚህ አሠራር ሌላ ገጽታ የሚታየው በቨርጂኒያው ጆን ክሌይተን ነው። ክሌይተን የአንድ አውራጃ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ለዓመታት የሰበሰባቸውን ናሙናዎችና የጻፈውን ማስታወሻ ለግሮኖቪየስ ላከ። ግሮኖቪየስ በ1739 እና በ1743 የቨርጂኒያ ዕፀዋት የሚል መጽሐፍ በሁለት ክፍል አሳተመ። መጽሐፉ የቆመው በክሌይተን ድካም ላይ ሲሆን ደራሲው ግን ግሮኖቪየስ ሆነ። የክሌይተን ስም በመቅድሙና በአንዲት አበባ ስያሜ ተዘከረ፤ የመጽሐፉ ባለቤትነት ግን ላይደን ቀረ።

በኒው ዮርክ ደግሞ ሐኪምና የመንግሥት ሹም የነበረው ካድዋላደር ኮልደን በርስቱ ዙሪያ ያሉትን ዕፀዋት በሊኔየስ ስልት መደበ፤ ሥራውንም ሊኔየስ ኡፕሳላ ላይ አሳተመለት። ልጁ ጄን ኮልደን ከአባቷ ተምራ ከ300 በላይ ዕፀዋትን በሥዕልና በጽሑፍ መዘገበች። ባርትራም በ1753 ልጁን ዊልያምን ይዞ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ጎብኝቷቸዋል። የጄን ሥራ ግን በሕይወት ሳለች መጽሐፍ ሆኖ አልወጣም፤ ዛሬ በለንደን በብራና ጽሑፍነት ተቀምጧል። አባትና ልጅ በአንድ ቤት ተቀምጠው፣ በአንድ ስልት ሠርተው፣ የአንዱ ታተመ፤ የሌላዋ ቀረ።

ፊላደልፊያ ላይ የተዘረጋ መረብ

ባርትራም ከውቅያኖስ ማዶ ብቻ ትስስር የፈጠረ አይምሰላችሁ። በ1739 የአሜሪካ ሊቃውንት እርስ በርስ የሚገናኙበት ማኅበር ቢኖር የሚል ሐሳብ ለኮሊንሰን ጻፈለት። ኮሊንሰን ሀገሪቱ ለዚህ ገና አልደረሰችም ብሎ መለሰለት። ከ4 ዓመት በኋላ ግን ፍራንክሊን ያንኑ ሐሳብ በታተመ ጽሑፍ አወጀ፤ የአሜሪካ የፍልስፍና ማኅበር የሚባለው ተቋም መነሻም ይህ ነው። በመሥራች አባላቱ ዝርዝር ውስጥ ለእያንዳንዱ ሙያ አንድ ሰው ሲመደብ የዕፀዋት ሊቅነቱ የተሰጠው ለባርትራም ነበር። ፍራንክሊን በኤሌክትሪክ ላይ ያደረጋቸውን ምርምሮች የሚዘግቡት ደብዳቤዎች በ1751 ለንደን ላይ የታተሙትም በዚያው በኮሊንሰን አማካይነት ነው። የዕፀዋት ሣጥንና የኤሌክትሪክ ደብዳቤ በአንድ መርከብ ይጓዙ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

በዚያው በ1743 ባርትራም ከአስተርጓሚውና ከዲፕሎማቱ ኮንራድ ዋይዘር፣ ከካርታ ሠሪው ሉዊስ ኢቫንስ ጋር ወደ ኦኖንዳጋ ተጓዘ። ኦኖንዳጋ የስድስቱ የተወላጅ ሕዝቦች ኅብረት መዲና ነበረች። መንገዱን የመራቸው ሺከላሚ የተባለ የኦናይዳ አለቃ ነበር። በየመንደሩ ያበሏቸውና ያሳደሯቸው ተወላጆቹ ነበሩ። የጉዞው ማስታወሻ በ1751 ለንደን ላይ ሲታተም ባርትራም ለኅትመት አስተካክሎ ለማረም ዕድል አላገኘም።

እዚህ ላይ ስለ ባርትራም አንድ የማይመች እውነት መናገር ይገባል። አባቱ በተወላጆች እጅ መሞቱን አልረሳም። ከ1750ዎቹ ጦርነት በኋላ ለኮሊንሰን በጻፋቸው ደብዳቤዎች ተወላጆቹ በኃይል መመታት አለባቸው እስከ ማለት ደርሷል። በምድራቸው ሲዘዋወር ያበሉትንና የመሩትን ሕዝቦች በዚህ ዓይን አየ። የሣጥኑን ድካም የሚመዝኑለት እንዲያገኝ የሚጓጓ ሰው፣ የሌላውን ውለታ ለመመዘን ዓይኑ ሊታወር ይችላል።

ያገኘና የሰየመ

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። ባርትራምን ያወቁት ሊቃውንት ምን አሉት?

የሊኔየስ ደቀ መዝሙር ፔር ካልም በ1748 ፊላደልፊያ ደረሰ። ባርትራም ያለ ስስት ያወቀውን ሁሉ አካፈለው። ካልም በጉዞ መጽሐፉ ብዙ ብርቅ ዕፀዋት የታወቁት በባርትራም መሆኑን፣ እርሱም ብዙ ነገር ከእርሱ መማሩን መሰከረለት፤ ግን በአንድ ነገር ነቀፈው። ያን ሁሉ ያየውን ነገር አልጻፈውም አለ። ነቀፋው ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። ባርትራም ስለ አሜሪካ የመድኃኒት ዕፀዋት አጭር ጽሑፍ በ1751 ፍራንክሊን ባተመው የሕክምና መጽሐፍ ላይ በአባሪነት አውጥቷል፤ ስለ ዕፀዋቱ ራሱን የቻለ ታላቅ መጽሐፍ ግን አልተወልንም። ካልም ወደ ሀገሩ ሲመለስ ሊኔየስ አንድ ውብ የአሜሪካ ቁጥቋጦ በስሙ ካልሚያ ብሎ ሰየመለት። ቁጥቋጦው ካልም ከመምጣቱ በፊት ሰፋሪዎቹ የሚያውቁት፣ የኮሊንሰን አትክልት ውስጥም የነበረ ነው።

ሁለተኛው ፍርድ የከበደ ነው። በ1764 ዊልያም ያንግ የተባለ ከባርትራም ሠፈር የወጣ ወጣት የእንግሊዝ ንግሥት የዕፀዋት ባለሙያ ተብሎ ተሾመ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የደከመው ባርትራም ቅሬታውን ለኮሊንሰን ጻፈ። ኮሊንሰን ተሯሩጦ በ1765 ባርትራም የንጉሥ ጆርጅ 3ኛ የዕፀዋት ባለሙያ ተብሎ እንዲሾም አደረገ። ደመወዙ በዓመት 50 ፓውንድ ሆነ። አንድ ሣጥን 5 ጊኒ መሆኑን ካስታወስን የንጉሡ ደመወዝ የ10 ሣጥን ዋጋ እንኳ አይሞላም። የሹመቱ ወሬ በደቡብ ካሮላይና ቻርልስተን የነበረው ሐኪምና የዕፀዋት ሊቅ አሌክሳንደር ጋርደን ዘንድ ሲደርስ ግን፣ ይህ ሰው ዕፀዋትን በወገን በወገናቸው መመደብም ሆነ በሥርዓት መግለጽ አይችልም፣ እንዴት እንዲህ ያለ ማዕረግ ይሰጠዋል ሲል ለንደን ላለ ወዳጁ ጻፈ። ጋርደን ባርትራምን የሚያውቀው ወዳጁ ነበር።

ጋርደን የተናገረው ሐሰት አልነበረም። የባርትራም ላቲን ደካማ፣ የጽሑፍ ገለጻውም ከሙያው ሥርዓት የወጣ ነበር። ነገር ግን ጋርደን የለካው በአንድ ሚዛን ብቻ ነው። የትኛው ዕፅ በየትኛው ረግረግ፣ በየትኛው አፈር፣ በየትኛው ወር ዘሩ እንደሚበስል፣ የትኛው ችግኝ የባሕር ጉዞ እንደሚችል ማወቅ በዚያ ሚዛን ላይ ቦታ አልነበረውም። ያ እውቀት ባይኖር ግን የሚመደብም የሚገለጽም ዕፅ ባልተገኘ ነበር።

የአልታማሃ ዛፍ

ይህን ሁሉ በአንድ ዛፍ ታሪክ ልቋጭ። ባርትራም የንጉሡን ሹመት እንዳገኘ፣ በ66 ዓመቱ፣ ልጁን ዊልያምን ይዞ በካሮላይና፣ በጆርጂያና በፍሎሪዳ ረጅም ጉዞ አደረገ። በ1765 ኦክቶበር 1 ቀን፣ በጆርጂያ አልታማሃ ወንዝ ዳር፣ ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁትን ትንሽ ዛፍ አዩ። ከዓመታት በኋላ ዊልያም፣ ጆን ፎዘርጊል በተባለ የለንደን ሐኪም ወጪ ብቻውን በተጓዘ ጊዜ ወደዚያው ስፍራ ተመለሰ፤ ነጭ አበባውን አየ፤ ዘሩንም ወደ ኪንግሰሲንግ አመጣ። አባቱ ግን ዛፉ በጓሮው ሲያብብ ለማየት ዕድሜ አልሰጠውም። በ1777 ሴፕቴምበር 22 ቀን፣ የእንግሊዝ ጦር ወደ ፊላደልፊያ እየገሠገሠ ሳለ ዐረፈ።

ለዛፉ ስም የሰጠው ሃምፍሪ ማርሻል ነው። ማርሻል የባርትራም የአክስት ልጅ፣ እንደ እርሱም ድንጋይ ጠራቢና ገበሬ ነበር። በ1785 ስለ አሜሪካ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች የጻፈውን መጽሐፍ በራሷ በፊላደልፊያ አሳተመ፤ ዛፉንም ፍራንክሊኒያ አላታማሃ አለው። አንዳንድ የአውሮፓ ሊቃውንት ዛፉ ቀድሞ ከሚታወቀው ጎርዶኒያ ወገን ነው ብለው ቢከራከሩም፣ ዛሬ ራሱን የቻለ ወገን ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ቤተ ሰብ ታሪክ ውስጥ ያገኘውም፣ ያሳደገውም፣ የሰየመውም፣ ያሳተመውም በአንድ ሀገር ተገናኙ።

ይሁን እንጂ ስሙን ልብ በሉት። ዛፉ የተሰየመው ላገኙት ሳይሆን ለዝነኛው ወዳጃቸው ነው። በዚያ ምድር ከዘመናት በፊት ከነበሩት ሕዝቦች ቋንቋ ደግሞ በስያሜው ውስጥ የቀረው የወንዙ ስም ብቻ ነው። የባርትራም ስም ለአንድ ዕፅ ወገን መጠሪያ ሆኖ የጸናው በ1801፣ ከሞተ ከ24 ዓመት በኋላ፣ ዲሌኒየስ ሰብስብልኝ ካለው ከእነዚያ ጥቃቅን የድንጋይ ላይ ዕፀዋት በአንዱ ነው።

የአልታማሃው ዛፍ ከ1803 በኋላ በተፈጥሮ ቦታው አልታየም። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ፍራንክሊኒያዎች ሁሉ ባርትራሞች በጓሯቸው ካበቀሉት ዘር የወረዱ ናቸው። ሰያሚው ስሙን አቆየልን፤ ዛፉን ያቆየልን ግን አትክልተኛው ነው።

ማጠቃለያ

ክቡራትና ክቡራን፤ ይህ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ሊኔየስ በዚያው በ1753 መጽሐፉ ቡናን ኮፊያ አራቢካ ብሎ ሰየመው። ዕፁ በዱር የሚበቅልበት ዋናው አገር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ሆኖ ሳለ፣ ስሙ ቡናው ለአውሮፓ ገበያ ያለፈበትን የዐረብ ምድር ይዞ ቀረ። የሰየመው ሰው ክፋት አልነበረበትም፤ እጁ የገባው መረጃ የነገረውን ጻፈ። መረጃው የመጣበት መንገድ ግን መነሻውን አልያዘም።

ከሁለት ምዕት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት ዝርዝር ሥራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በዚያው በሊኔየስ ኡፕሳላ ትብብር ተካሂዶ በ2009 በ8 ቅጾች ተጠናቀቀ። ናሙናው በአዲስ አበባ ሄርባሪየም ተቀምጧል፤ ከአዘጋጆቹና ከጸሐፊዎቹ መካከልም ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት አሉ። በኡፕሳላና በሩቅ አገር ሰብሳቢ መካከል የነበረው ግንኙነት ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ለተማሪዎቼ ከባርትራም የሥራ ዘመን ሁለት ነገር ይዘው እንዲሄዱ እፈልጋለሁ። አንደኛው ኮሊንሰን የመከረው ነው፦ የምትልኩትን ላኩ፣ ነገር ግን ሁለተኛውን ናሙና ከነቁጥሩ እጃችሁ ላይ አስቀሩ። ከዓለም ሊቃውንት ጋር ሳይጻጻፉ ሊቅ መሆን አይቻልም፤ ባርትራም ሣጥኑን ባይልክ ኖሮ ስሙን የሚያውቅ ባልተገኘ ነበር። በእጁ የቀረው ቅጂ ደግሞ ላኪውን ተማሪም መምህርም አደረገው። ሁለተኛው ካልም የነቀፈው ነው፦ ያያችሁትን ጻፉ። መስክ ላይ ውላችሁ፣ አዛውንት ጠይቃችሁ፣ መዝገብ አገላብጣችሁ ያገኛችሁትን በራሳችሁ እጅ፣ የነገራችሁን ሰው ስም ጭምር ጽፋችሁ አኑሩ። ያልተጻፈ እውቀት ሌላ ሰው እስኪጽፈው ይጠብቃል፤ የጻፈውም ሰው ባለቤቱ ይሆናል።